ኀፍረትን የሚያርቅ የአባት ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በሐዋሳ ከተማ በሐይቅ ዳር በማለዳ የቆመ ሰው ዓይኑ የሚያየው ነገር ልቡን ወደ ወንጌል ይመራዋል። ዓሣ አጥማጆች ሌሊቱን በታንኳ ደክመው ወደ አሞራ ገደል ይመለሳሉ፤ መረባቸውን ያራግፋሉ፤ አንዱ ዓሣውን ያጸዳል፥ ሌላው እሳት ያነዳል፤ አባ ኮዳና ልዩ ልዩ አዕዋፍም የተረፈውን ለመልቀም በዙሪያቸው ይሰበሰባሉ። ከተማይቱን ከላይ ሆኖ የሚመለከተው ተራራም ስሙ ታቦር ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሥፍራ የሚያይ ካህን የጥብርያዶስን ባሕርና በዳርቻው የቆመውን ጌታ ሳያስብ እንዴት ያልፋል?

ነገር ግን በሐይቅ ዳር የሚታየው ዓሣና ወፍ ብቻ አይደለም። ሰው በብዛት በሚመላለስበት በዚያ ሥፍራ፥ አንዳንዱ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ፥ ፊቱን ወደ ውኃው መልሶ፥ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ለብቻው ይቀመጣል። የተቀመጠው ነፋስ ለመቀበል ይሁን ወይም ከሰው ዓይን ለመሸሽ፥ ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ያውቀዋል። ዛሬ የምንነጋገረው ሰውን ከሰው ስለሚለየው፥ ከእግዚአብሔርም ፊት ስለሚያሸሸው ነገር ነው፤ ስሙም ኀፍረት ይባላል። ኀፍረት ደግሞ አንድ አይደለም፥ ሁለት ነው። አንዱ ሰው በሠራው በደል ከገዛ ልቡ የሚወጣ ነው፤ ሁለተኛው ሰው ሳይበድል ሌሎች በትከሻው የሚጭኑበት ነው። ሁለቱም በክርስቶስ ይርቃሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ልዩ ልዩ ነው። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው የሚሰጥ ሰው፥ ካህንም ቢሆን፥ ያቈስላል እንጂ አያድንም።

ከበደል ስለሚወለድ ኀፍረት

አባታችን አዳምና እናታችን ሔዋን ትእዛዝ ሳያፈርሱ በፊት ዕራቁታቸውን ሳሉ እንደማይተፋፈሩ በኦሪት ዘፍጥረት በሁለተኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ትእዛዝ ካፈረሱ በኋላ ግን ቅጠል ሰፍተው አገለደሙ፤ በዛፎችም መካከል ተሸሸጉ። እግዚአብሔርም አዳምን ያለበትን ሥፍራ ጠይቆ ጠራው። ስለ ምን ጠራው ቢሉ፥ ያለበትን አጥቶት አይደለም፤ መልስ ሰጥቶ ከተሸሸገበት እንዲወጣ ነው እንጂ። ኀፍረት መሸሸግን ይወዳልና የእግዚአብሔር ፈውስ የሚጀምረው በመጥራት ነው። ፍርዱን ከነገራቸው በኋላም ከገነት ከማስወጣቱ አስቀድሞ የቁርበት ልብስ አለበሳቸው። ተመልከቱ፤ ዳኛው ራሱ አልባሽ ሆነ። ቅጠሉ የሰው ብልሃት ነበረ፥ ለአንድ ቀን እንኳ ሳይጠወልግ አይቈይም፤ ልብሱ ግን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው።

ሐዋርያው ጴጥሮስም እንዲሁ አፍሯል። በሊቀ ካህናቱ ግቢ ውስጥ የከሰል እሳት እየሞቀ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ፤ ዶሮም በጮኸ ጊዜ ወደ ውጭ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። ከትንሣኤ በኋላ ጌታችን በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ በተገለጠ ጊዜ፥ በዮሐንስ ወንጌል በ21ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፥ በምድር ላይ የከሰል እሳት ነበረ፥ ዓሣም ነበረበት። ጴጥሮስ በከሰል እሳት አጠገብ ወድቆ ነበርና በከሰል እሳት አጠገብ ተነሣ። ጌታም አስቀድሞ አበላው፤ ካበላውም በኋላ ስለ ፍቅሩ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ስለ ምን ሦስት ጊዜ ቢሉ፥ ሦስት ጊዜ ክዶ ነበርና ነው፤ አንድም ወንድሞቹ የክሕደቱን ነገር ሰምተው ነበርና መመለሱንም በጆሯቸው እንዲሰሙ ነው። ስለዚህም የተመለሰው ለብቻው ተጠርቶ በስውር ሳይሆን፥ ወንድሞቹ ባሉበት፥ በጎችንም የመጠበቅ አደራ ተቀብሎ ነው።

ከበደል የተወለደ ኀፍረት መድኃኒቱ ንስሓ ነው። ይህ ኀፍረት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ቊስል ያለበትን ሥፍራ እንደሚያሳይ ሕመም ነው፥ ወደ ሐኪም ያደርሳልና። ነገር ግን ንስሓ ከተገባ በኋላም በልብ ውስጥ ቢቈይ ሰውን ተስፋ ወደ መቊረጥ ያወርዳል። ጴጥሮስም ይሁዳም በአንድ ሌሊት አፍረዋል፤ አንዱ ኀፍረቱን ይዞ ወደ ጌታው ተመለሰ፥ ሌላው ግን ኀፍረቱን ይዞ ወደ ገመድ ሄደ። ስለዚህ ለንስሓ አባቱ በደሉን የነገረ፥ ቀኖናውንም የፈጸመ ክርስቲያን፥ እግዚአብሔር ያነሣለትን ሸክም መልሶ ሊሸከም አይገባውም። ስለዚህኛው ኀፍረት በዐውደ ምሕረት ዘወትር ይሰበካልና በዚህ እናቆማለን።

ያለ በደል ስለሚጫን ኀፍረት

ሁለተኛው ኀፍረት ግን ከፊተኛው ይከፋል፤ ምክንያቱም ለንስሓ የሚነገር ኃጢአት የለውም። የሐዋሳን ሐይቅ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፥ ጥቊር ውኃ የሚባለው ወንዝ ወደ እርሱ ይገባል፤ ከእርሱ ግን የሚወጣ ወንዝ አይታይም። ያለ በደሉ ያፈረ ሰው ልቡ እንዲሁ ነው። የሰው ቃል ይገባበታል፥ የጎረቤት ዓይን ይገባበታል፥ የዘመድ ዝምታ ይገባበታል፤ መውጫ ግን የለውም። ኃጢአት ቢሆንማ በንስሓ በወጣ ነበር።

በዚህ ነገር እኔ ራሴ የበደልሁትን ሳልናገር ሌላውን ባስተምር ግብዝ እሆናለሁ። ከ30 ዓመት በፊት፥ ገና ክህነት የተቀበልሁ ወጣት ሳለሁ፥ በገጠር ባለ አንድ ደብር አገለግል ነበር። በየሰንበቱ ከቅጥሩ ውጭ ከአንድ ወይራ ሥር ለብቻዋ የምትቆም ወጣት ሴት ነበረች። ሕዝቡ ቅዳሴ ሲያስቀድስ እርሷ ከሩቅ ትሰግዳለች፤ ሕዝቡ መስቀል ሲሳለም እርሷ ቀድማ ትሄዳለች። አንድ ቀን ወደ እርሷ ብሄድ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች። «አባቴ፥ አይቅረቡኝ፤ እሸታለሁ» አለችኝ። በለጋ ዕድሜዋ እንደ ተዳረች፥ ሦስት ቀን አምጣ ልጇ ሞቶ እንደ ተወለደ፥ ከዚያ ወዲህ ውኃዋ ሌሊትና ቀን እንደሚፈስስ፥ ባሏም ወደ እናቷ ቤት እንደ መለሳት ነገረችኝ። ከዚያም «ምን ኃጢአት ሠርቼ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

የንስሓ ምሥጢር እንደማይገለጥ አንባቢ ያውቃል፤ ይህ ግን በቅጥር አጠገብ የቀረበ የጭንቅ ጥያቄ እንጂ ኑዛዜ አልነበረም። እኔም ቅኔ የተቀኘሁ፥ የሐዲሳትን ትርጓሜ ያደላደልሁ መስሎኝ፥ የተሰወረ በደል ይኖርብሽ ይሆናል ብዬ የ40 ቀን ጾምና ስግደት አዘዝኋት። እርሷም መሬቱን ስማ ተቀበለች። 40ው ቀን ሲፈጸም ውኃው አልቆመም። ከዚያ በኋላ ከወይራው ሥር አላየኋትም፤ ወዴት እንደ ሄደችም ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ በሐዋሳ አንዲት የነፍስ አስታማሚ የሆነች ምእመንት ስለዚህ ደዌ ስትናገር ሰማሁ። ደዌው ፊስቱላ እንደሚባል፥ በቀዶ ሕክምናም እንደሚድን አስረዳችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያች ሴት ነገሩን ሁሉ ነግራኝ ነበር፤ ምጧን፥ የልጇን ሞት፥ መሰደዷን አንድ ሳታስቀር ነግራኛለች። እኔ ግን ሕመሟን ሳልሰማ ኃጢአቷን እፈልግ ነበር። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው እንደ ጠየቁ፥ ጌታም ሁለቱንም እንዳልተቀበለ፥ በዮሐንስ ወንጌል 9ኛ ምዕራፍ የተጻፈውን በቃሌ አውቀው ነበር። ማወቄ ግን ለዚያች ሴት አልጠቀማትም። የእርሷ መድኃኒት ሐኪምና የአባት ቃል ነበር፤ እኔ ግን የበዳይ መድኃኒት ሰጠኋት። ይልቁንም ዛሬም የሚጸጽተኝ፥ ካህን ሁሉ የሚናገረውን ቀላል ቃል አለመናገሬ ነው፤ ልጄ ብዬ አልጠራኋትም።

ስለ ደዌው ጥቂት ማስረዳት

ይህ ደዌ የሚመጣው ከእርግማን አይደለም፤ ከምጥ መርዘም ነው። ምጥ ሲከብድና የሚረዳ በታጣ ጊዜ የሕፃኑ ራስ በእናቲቱ አጥንት መካከል ተይዞ ፊኛዋን ለብዙ ሰዓት፥ አንዳንድ ጊዜም ለቀናት ይጫናል። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል፤ ከዚያም ይቀደዳል፤ ሽንትም፥ አልፎ አልፎም ዓይነ ምድር፥ ያለ ፈቃዷ ይፈስሳል። ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። እንግዲህ ይህች ሴት በአንድ ጊዜ ልጇን፥ ጤናዋን፥ ትዳሯን፥ የሰውንም መካከል ታጣለች ማለት ነው። ሰውነቷ ገና ሳይጠና የተዳረች ልጅ፥ በልጅነቷ ምግብ የጐደላት፥ ከሐኪም ቤትም የራቀች ሴት ለዚህ ደዌ ይበልጥ ትጋለጣለች። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የእርሷ ኃጢአት የቱ ነው?

ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው በአዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። የመጡት ለ3 ዓመት ውል ነበር፤ ነገር ግን እነዚህን ሴቶች ካዩ በኋላ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሰጡ። በ1974 የአዲስ አበባን የፊስቱላ ሆስፒታል መሠረቱ። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993፥ ዶክተር ካትሪን ደግሞ በ2020 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ሥራው ግን አላረፈም፤ በእነርሱ በተመሠረተው አገልግሎት ከ60 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች ያለ ክፍያ ታክመዋል። ለእኛ ለሐዋሳ ሰዎች ደግሞ ነገሩ በደጃችን ነው። ከሐዋሳ በስተ ደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው፥ ከሐዋሳም በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችው በይርጋ ዓለም፥ በ2006 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የዚሁ ሆስፒታል ቅርንጫፍ ተከፍቷል። እንግዲህ ከወይራ ሥር የምትቆም ሴት ቢገኝ፥ ከእርሷና ከፈውሷ መካከል ያለው የአንድ ማለዳ መንገድ ነው። መንገዱን የሚያረዝመው ኀፍረት ነው።

ወንጌል ስለዚህች ሴት ምን ይላል

ቅዱስ ሉቃስ በ8ኛው ምዕራፍ የጻፈውን እናስተውል። የምኵራብ አለቃ የሆነ ኢያኢሮስ በጌታ እግር ሥር ወድቆ የ12 ዓመት ልጁ ልትሞት እንደ ሆነች ነግሮ ለመነው። ጌታም ከእርሱ ጋር ሲሄድ ሕዝቡ ያጨናንቁት ነበር። ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ቀን በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ንግሥ የቆመ ሰው፥ ሕዝብ ሲጋፋ እንዴት እንደ ሆነ ያውቃል፤ ማን ማንን እንደ ነካ አይታወቅም። በዚያ ግፊያ መካከል 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረች፥ ገንዘቧንም ለባለ መድኃኒቶች የጨረሰች ሴት ከኋላው ቀርባ የልብሱን ጫፍ ዳሰሰች፤ ደሟም ያን ጊዜ ቆመ።

እዚህ ላይ ሁለቱን 12 ዓመታት አስተባብሮ መመልከት ይገባል። ልጅቱ በተወለደችበት ዓመት ይህች ሴት መድማት ጀመረች። ልጅቱ በአባት ቤት 12 ዓመት ስታድግ፥ ይህች ሴት በኦሪት ዘሌዋውያን በ15ኛው ምዕራፍ እንደ ተደነገገው የነካችው ሁሉ የሚረክስባት ሆና 12 ዓመት ከሰው ተለይታ ኖረች። ልጅቱ በታመመች ጊዜ በአደባባይ ወድቆ የሚለምንላት አባት ነበራት፤ እርሱም በጌታ ፊት ለፊት መጣ። ለሴቲቱ ግን የሚለምንላት አልነበረምና ብቻዋን፥ ያውም ከኋላ፥ መጣች።

ጌታችንም ቆመ፤ የዳሰሰው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። ስለ ምን ጠየቀ ቢሉ፥ ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ነውና ባለማወቅ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም እንዳስተማረው፥ ጸጋውን እንደ ሰረቀች ቈጥራ በፍርሃት እንዳትኖር ነው፤ አንድም እምነቷ ለሁሉ ምሳሌ እንዲሆን ነው፤ አንድም ኢያኢሮስ አይቶ ስለ ልጁ እንዲጸና ነው። በዚህ ላይ እኛ አንድ ነገር እንጨምር፤ ደሟ በስውር ቆሟል፥ ኀፍረቷ ግን በስውር አይቆምም። በስውር ድና ብትሄድ ኖሮ በነጋታው ጎረቤቷ እንደ ወትሮው በሸሻት ነበር፤ መዳኗን ማን ያውቅላታል? ርኩስት ብሎ የለያት ሕዝብ ስለ ሆነ፥ መንጻቷንም ሊሰማ የሚገባው ሕዝቡ ነው። ስለዚህ ጌታ ሕዝቡን ሁሉ አቁሞ፥ የሚቸኵለውንም አለቃ አስጠብቆ፥ እርሷ እየተንቀጠቀጠች የሆነውን ሁሉ እስክትናገር ድረስ ሰማት። ከዚያም ልጄ ሆይ ብሎ ጠራት።

ይህን ቃል ልብ አድርጉ። ጌታችን ወደ ሌላ ሰው ልጅ በመሄድ ላይ ሳለ ለዚህች ሴት አባት ሆነላት። ኢያኢሮስ ለልጁ የሆነውን፥ ለእርሷ እርሱ ራሱ ሆነ። እምነትም እንዳዳናት ነግሮ በሰላም አሰናበታት። ሰላሙ የሥጋ ጤና ብቻ አይደለም፤ በመንገድ መካከል አንገትን ቀና አድርጎ መሄድ ነው። እንግዲህ በክርስቶስ ከኀፍረት ነጻ መውጣት ማለት ይህ ነው፤ ሰው ስለ ራሱ የሰማውን የጎረቤት ስም ትቶ፥ አባት ያወጣለትን ስም መቀበል ነው።

ስም የተለወጠላቸው

ይህ የጥንት ነገር ብቻ እንዳይመስለን፥ በዘመናችን የታወቀውን እንናገር። ማሚቱ ጋሼ የገበሬ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው በከባድ ምጥ ልጃቸውን አጥተው፥ በዚሁ ደዌ ተይዘው በ1962 ዓ.ም. ገደማ (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ወደ ሐምሊኖች መጡ። በዚያን ጊዜ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ከታከሙ በኋላ እዚያው ቀርተው አልጋ ማንጠፍ፥ ሕመምተኞችን ማጠብ፥ ለሐኪሞቹም መሣሪያ ማቀበል ጀመሩ። ቀስ በቀስ እጃቸው ሥራውን ለመደና እንደ እርሳቸው የታመሙትን ሴቶች ራሳቸው በቀዶ ሕክምና የሚጠግኑ ሆኑ፤ ሐኪሞችም ከእርሳቸው ተማሩ። የለንደን የቀዶ ሕክምና ሊቃውንት ማኅበር በወርቅ ሜዳልያ አከበራቸው፤ በ2018ም ቢ.ቢ.ሲ. በዓለም ከታወቁ 100 ሴቶች መካከል ቈጠራቸው። ተመልከቱ፤ ሰው የሚሸሸው የነበረ እጅ ሌላውን የሚያነጻ እጅ ሆነ። ጴጥሮስ ከወደቀ በኋላ የበጎች እረኛ እንደ ሆነ፥ ያለ በደሏ የተጣለችም የብዙዎች መነሻ ልትሆን ትችላለች።

ሁሉም ግን ፈጽሞ አይድንም። ቀዳዳው በጣም የከፋባቸው፥ ከታከሙም በኋላ እንክብካቤ የማያቋርጥባቸው ሴቶች አሉ። ለእነዚህ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ደስታ መንደር የሚባል መኖሪያ ተሠርቶላቸዋል። ስሙን ላስተዋለ ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። ደዌው ሳይርቅ ኀፍረቱ ሊርቅ ይችላልና። ፈውስ ያልደረሰበት ሥፍራ የአባት ቃል ይደርሳል። ስለዚህ ያመነ ሁሉ በሥጋው ይድናል ብለን አንሰብክም፤ ያመነ ግን እንደ ተጣለ አይቀርም።

ለካህናትና ለምእመናን

አባቶቼና ወንድሞቼ ካህናት፤ የምጽፈው የቤተ ክርስቲያንን የንጽሕና ሥርዓት ለማቃለል አይደለም። ሥርዓቱ ለቅድስናው ክብር ተሠርቷል፤ በሰው ነፍስ ላይ ለመፍረድ አልተሠራም። ከደጅ መቆም አንድ ነገር ነው፥ ከምሕረት መውጣት ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለች ሴት ወደ ቅጥር እንዴት እንደምትገባና ምሥጢራትን እንዴት እንደምትቀበል የንስሓ አባቷ ከሊቃውንትና ከሀገረ ስብከቱ ጋር መክሮ ይወስን፤ የተረገመች ብሎ መጥራት ግን ለማንም አልተፈቀደም። እርሷ መግባት ካልቻለች እኛ መውጣት እንችላለን። መስቀሉን ይዘን እስከ ወይራው ሥር እንሂድ፤ አስቀድመን እንስማት፤ ደዌ ለሆነው ነገር ቀኖና አንስጥ። ልጄ እንበላት፤ ከዚያም የይርጋ ዓለምን መንገድ እንንገራት፥ ቢቻልም የሚሸኛት ሰው እንስጣት።

ጸበልና መድኃኒትም አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን የፈጠረ፥ መድኃኒትንም ከምድር ያበቀለ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። ቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው በኤች.አይ.ቪ. የተያዙ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ጸበል የምትጠመቅ ሴት ወደ ሐኪም ብትሄድ እምነቷን አልካደችም።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁን ያለ ዕድሜያቸው አትዳሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። እኛም ካህናት ዕድሜዋ ያልደረሰውን ልጅ በተክሊል ባርከን፥ በኋላ በምጥ ስትጐዳ ኃጢአቷን የምንጠይቅ ከሆነ፥ የሚጠየቀው ኃጢአት የእኛ ነው። ባሎች ሆይ፤ ልጃችሁን ስትወልድ የተጐዳችውን ሴት ወደ እናቷ ቤት መመለስ ጋብቻን መካድ ነው። በደስታ ቀን የተሰጠ ቃል ኪዳን ለደዌም ቀን ጭምር የተሰጠ ነው። ጎረቤቶች ሆይ፤ አንዲት ሴት ከማኅበርና ከዕድር ብትቀር፥ ሐሜት ከመጀመር ይልቅ ቤቷን አንኳኩ።

ላፈረ ሰው

በመጨረሻም ይህን ጽሑፍ የምታነብ ወይም ሲነበብ የምትሰማ፥ ያለ በደልሽ ያፈርሽ ልጄ ሆይ፤ ደዌሽ ይህም ይሁን ሌላ፥ በግድ የደረሰብሽ ጥቃት ይሁን፥ ልጅ ማጣት ይሁን፥ ድህነት ይሁን፥ ቃሉ ላንቺ ነው። አንቺም ወንድሜ ሆይ፥ ባልሠራኸው ነገር አንገትህን የደፋህ ሁሉ፥ ቃሉ ላንተም ነው። ጌታሽ ኀፍረትን ያውቃል። በአደባባይ ዕራቁቱን ተሰቅሏል፤ ያለ በደሉ ከበደለኞች ጋር ተቈጥሯል። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ዕብራውያን በጻፈው መልእክት በ12ኛው ምዕራፍ የመስቀሉን ነውር እንደ ናቀ፥ በ13ኛውም ከበር ውጭ መከራ እንደ ተቀበለ ያስተምረናል። እንግዲህ ከቅጥር ውጭ የቆመ ሰው ለብቻው የቆመ ቢመስለው ተሳስቷል፤ ክርስቶስ ከበር ውጭ አስቀድሞ ቆሞ ያገኘዋልና። በደል ካለብሽ ንስሓ ግቢ፥ ይሠረይልሻል። በደል ከሌለብሽ ግን የሌለሽን በደል አትፈልጊ፤ ተነሥተሽ ከኋላም ቢሆን ቅረቢ፥ የልብሱን ጫፍ ያዢ። እርሱ ዘወር ብሎ ይጠራሻል፤ የሚጠራሽም በደዌሽ ስም አይደለም።

እኔም ከ30 ዓመት በፊት ከወይራው ሥር የነበረችውን ልጅ ዛሬም በየቅዳሴው አስባታለሁ። በሕይወት ካለች የሚታከማትን ሐኪም፥ ካረፈችም የሚያለብሳትን አባት እንዳገኘች አምናለሁ። የጾሙንና የስግደቱን ቀኖና የሰጠሁት እኔ ነበርሁ፤ ቀኖናው የሚገባውም ለእኔ ነበር። በሐይቅ ዳር ሳልፍ ለብቻው የተቀመጠ ሰው ባየሁ ቊጥር ቀርቤ እንደምን አደርሽ፥ እንደምን አደርህ ማለትን የተማርሁት ከእርሷ ነው። እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ ይህ ጽሑፍ ከንቱ አይሆንም።

ያፈሩትን የሚያለብስ፥ የሸሹትን የሚጠራ፥ አባት የሌላቸውን ልጄ የሚል አምላካችን ለሁላችን ምሕረቱን ያብዛልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።